ቀይ ክር ያላት አሳ

ያ ነገር ያስከፈለኝ አንድ ኩንታል ብርብራ፣ የአንድ ቀን የፒካፕ ኪራይና አንድ ወዳጅ ነው። ብርብራውን በርካሽ ነበር የገዛሁት።

መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወልቂጤ ላይ ሱቅ ነበረኝ። ክር፣ መንጠቆ፣ ሳሙና እሸጣለሁ፤ በሁዳዴ ደግሞ ለምግብ ቤቶች አሳ አቀርባለሁ። እኔ ራሴ አልጾምም፤ የሚጾም ደንበኛ ግን እወዳለሁ። አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለእነሱ ትቻለሁ።

ወዳጄ ከቡታጅራ ተመድቦ የመጣ የባዮሎጂ መምህር ነበር። ከአረቅጥ ያስመጣው ቀጭን ቀርከሃ ጫፍ ላይ ናይለን ያስራል፤ መንጠቆው ላይ የአውራ ዶሮ ላባ በእኔው ቀይ ክር ጠምጥሞ ዝንብ ያስመስላል። ዋቤ ወንዝ ዳር ቆሞ ያቺን የውሸት ዝንብ ውሃው ላይ ቀስ አድርጎ ያሳርፋል። አሳ ሲይዝለት መንጠቆውን ነቅሎ ይለቀዋል።

«ቲቸር፣ ጤነኛ ነህ?» አልኩት መጀመሪያ ያየሁ ቀን። «ይዘህ የምትለቅ ከሆነ ለምን ከቤትህ ወጣህ?»

«ጋሼ፣ አንተስ ሳሙናህን በየቀኑ የምትቆጥረው ልትበላው ነው?»

ከወንዙ መታጠፊያ ሥር ባለው ጥልቅ ኩሬ አንዲት ትልቅ አሳ ነበረች። አንድ ጊዜ ናይለኑን በጥሳ ከነላባው ሄዳበታለች፤ ከዚያ ወዲህ ብቅ ስትል ከንፈሯ ላይ ቀይ ክር ይታያል።

«ክረምት ሲገባ ሽቅብ ወጥታ እንቁላል የምትጥለው እሷ ናት» አለኝ። «የዚህን ኩሬ አሳ ሁሉ የሷ ልጅ ነው በለው። እስከ ክረምት አትንካብኝ።»

«አልነካም» አልኩት።

ሁዳዴ ገባ። ምግብ ቤቶቹ አሳ አምጣ አሉ፤ ከኩሬው በታች ያለው ወንዝ አንድ ቅርጫት እንኳ አልሞላልኝም። የአካባቢው ሰው የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲበትን አሳው ሰክሮ ይንሳፈፋል፤ የሚፈልጉትን ይለቅማሉ፣ የቀረው ንጹሕ ውሃ ሲያገኝ ይነቃል። ለዚህ አንድ ቁና ይበቃል። እኔ ግን ነጋዴ ነኝ፤ ቁና ቅርጫት ከሞላ ኩንታል ፒካፕ ይሞላል ብዬ አሰላሁ። በዚያ በጋ ወንዙ ከኩሬ ኩሬ ብቻ እንደሚንጠባጠብ፣ የተበተነውን የሚያጥብ ውሃ እንደሌለ አላሰላሁም።

መምህሩ ክፍል በሚሆንበት ሰዓት፣ በቀትር፣ ሁለት የቀን ሠራተኞች ይዤ ወደ መታጠፊያው ኩሬ ወረድኩ። በቀትር ወንዝ መውረድ ሠራተኞቹም አልወደዱትም፤ እንደምንም አሳመንኳቸው። በትነን ቁጭ አልን። ነጭ አረፋ ተዘረጋ። መጀመሪያ እንቁራሪቶቹ ዝም አሉ፤ ቀጥሎ ዳር ባለው ዋርካ ላይ የነበሩት ወፎች። ከዚያ አሳዎቹ መምጣት ጀመሩ። አንዱም አልተንፈራገጠም። ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው፣ ስማቸው እንደተጠራ ሰዎች ተራ በተራ ወጡ። ጣት የምታክለዋ ሳትቀር ወጣች።

አንደኛው ሠራተኛ «በቃ፣ በቃ» አለ። ለእኔ ይሁን ለአሳዎቹ አላወቅሁም። መውጣታቸውን አላቆሙም።

ቀና ስል መምህሩ ማዶ ቆሟል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ እንጃ። አልሰደበኝም። ከነጫማው ገባ፤ በነጩ ሆድ ሁሉ መሃል ቀይ ክር ያላትን ፈልጎ አገኛት። ሲለቅ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው በሁለት እጁ ደግፎ ፊቷን ውሃው ወደሚመጣበት አዞረ። የሚመጣ ውሃ አልነበረም። ስለዚህ ውሃ በአፏ እንዲያልፍ ይዟት ከኩሬው ጫፍ እስከ ጫፍ ይመላለስ ጀመር። ጭነን ስንጨርስ ይመላለሳል። ሞተር አስነስተን ስንሄድም ይመላለሳል።

አሳው በአንድ ቀን ተሸጠ።

ክረምቱ ወንዙን ሞልቶት ሄደ። በቀጣዩ በጋ አንድ ቀትር ላይ ወርጄ አየሁ። ውሃው እስከ ወለሉ ጥርት ብሏል፤ ጠጠሩ ይቆጠራል። አንድም ነገር አይንቀሳቀስም። መምህሩ ማዶ ቆሞ የውሸት ዝንቧን ያሳርፋል፤ ያነሳል፤ ያሳርፋል። ክሯ ጥቁር ነው።

«ቲቸር፣ ያዝክ?» አልኩት።

ዝንቧን ነበር የሚያየው።

ብርብራው አልቋል። የመኪናው ኪራይ ተከፍሏል። ኩሬው ውስጥ አሳ የለም። መምህሩ ክር የሚገዛው ከሌላ ሱቅ ነው።