«አዝና ነው» የተባለችው ዶሮ

ትናንት ቅዳሜ ጠዋት... እማዬ ጓሮ ቁጭ ብላ አንዲትን ዶሮ «አይዞሽ የኔ እናት፣ እኔም እንዳንቺው ነኝ» ስትል ያዝኳት።

ዶሮዋ የታናሽ ወንድሜ የባቢ ናት። በሕይወት እያለ ከአዟሪ አራት ጫጩት ገዝቶ ካዛንቺስ ግቢያችን ውስጥ ያሳድግ ነበር። እሱ ካረፈ ወዲህ ሦስቱ ዝይ ሊያክሉ ምንም አልቀራቸውም። ይቺ ግን... በቃ እርግብ አክላ ቀረች።

ለቅሶ የመጣ ሰው ሁሉ «ውይ፣ አዝና እኮ ነው! እንስሳም ያውቃል» ይላል። እማዬም አመነች። ማየቱ ሲከብዳት ቡልጋሪያ ሰፈር ለሚኖሩት ወዳጇ ለእትዬ አስናቀች ልትሰጣት ወሰነች። ትናንት ከሰዓት መጥተው ሊወስዷት ነበር።

እኔ ደግሞ የባቢ ዶሮ ከግቢ ስትወጣ ማየት አልፈለግኩም። ግን እማዬን ምን ብዬ ልከራከራት?

ዶሮዎቹን የምታበላው እማዬ ናት፣ እኔ ትምህርት ቤት ስሆን። ትናንት ግን ቤት ነበርኩ። ፉርሽካውን አንድ ሳህን ላይ ደፋችና ዞር አለች። ከሦስቱ አንዱ፣ አውራው፣ ሁለት እግሩን ሳህኑ ውስጥ ተክሎ ቆመ። ትንሿ ጠጋ ስትል አናቷን ጠቅ! ሌሎቹም ጠቅ! ግድግዳው ጥግ ሄዳ ቆመች። ሲጨርሱ መጥታ ባዶ ሳህን ጫረች።

ያኔ ትዝ አለኝ... ባቢ እሷን ሁልጊዜ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ለብቻዋ ነበር የሚያበላት። እኛ «አሞላቀቅካት» እያልን እንስቅበት ነበር።

«እማ፣ ሐዘን አይደለም» አልኳት። «ርቧት ነው።»

ባዶውን ሳህን አየችው። ከዚያ... እጇን አፏ ላይ ጭና በሳቅ ፈረሰች። ከለቅሶው ወዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም።

«አይ እኔ! ሐዘንተኛ ናት እያልኩ፣ እህል ቅመሺ እንኳን ሳልላት!»

እውነቷን ነው። እኛንኮ ጎረቤቱ ሁሉ «ትንሽ ቅመሱ» እያለ በግድ ሲያጎርሰን ነው የከረመው።

እትዬ አስናቀች ካርቶን ይዘው ሲመጡ ዶሮዋ እማዬ ጭን ላይ ሆና ትበላለች። አውራው ጠጋ ባለ ቁጥር እማዬ ጫማዋን ታነሳበታለች።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ... ምሳ ላይ ናት።»

«ምን ቸገረኝ፣ እስክትጨርስ እጠብቃለኋ።»

«አይ፣ እሷ እንኳን ቶሎ አትጨርስም።»

እትዬ አንዴ እማዬን፣ አንዴ ዶሮዋን አዩና ገባቸው። ካርቶኑን ባዶውን ይዘው እየሳቁ ሄዱ።

አደገችም አላደገችም እንግዲህ የኛ ናት... ማለቴ፣ የባቢ።