በሁዳዴ ደም ፍለጋ

ደም ለመለመን ሙስሊም ሥጋ ቤት ደጃፍ እቆማለሁ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። ግን ሁዳዴ ገባ፣ የጎንደር የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ተዘጉ፣ የእኛ ሥራ ደግሞ ጾም አያውቅም። እኔ የጤና መምህርት ነኝ። አለቃዬ የነበረው ሐኪም ውጭ አገር ሄዶ አንድ ነገር ተምሮ መጥቶ ነበር። የረጋ ደም የአንጎልን ሥር ዘግቶ ሰውን ሽባ ሲያደርግ፣ በታፋ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ እስከ ጭንቅላት አድርሶ ደሙን ስቦ ያወጣዋል። በሰው ላይ የሚሠራበት መሣሪያ እኛ ሆስፒታል የለም። መሣሪያው እስኪመጣ እጃችን ይፍታታ ብሎ ከላስቲክ ቱቦ ጠመዝማዛ የአንጎል ሥር ሠራና፣ ቁም ሳጥን ላይ ካስቀመጠው ጄሪካን ውሃ አስፈሰሰበት። የጎደለን የረጋ ደም ነው፤ እሱን ማምጣት እኔ ላይ ወደቀ።

አዲስ ዓለም ሰፈር ወዳለ ሥጋ ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ ሀጂ ደጃፉ ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል፣ ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ተጋድሟል። ከዓመት በፊት ይኸው በሽታ ጥሏቸው፣ ሥራውን የያዘው ትልቁ ልጃቸው ነው። የበግ ደም በጠርሙስ ስጠይቀው ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና ለየትኛው ጠንቋይ ነው አለኝ። ቱግ አልኩ! የመጣልኝን ሁሉ ተናገርኩት። ሀጂ ልጃቸውን ገስጸው አጠገባቸው አስቀመጡኝና ለምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ስጨርስ ቃላቱን አንድ በአንድ እየጎተቱ፣ ይሄ ነገር እንደ እኔ ላለውም ይሆን ይሆን አሉ።

መልሱን እኔ አውቀው ነበር። ግን ሽማግሌ ናቸው፣ እኔም ለማኝ ሆኜ ነው የሄድኩት። “ኢንሻአላህ ሀጂ” አልኳቸው። ለወግ ያህል የምንለው ነገር ነው፣ ክርስቲያኑም ይለዋል፤ ከአፌ እንዴት እንደወጣ እንኳ ልብ አላልኩትም። ከዚያ ወዲያ በየቅዳሜው ደሙ በንጹሕ ጠርሙስ ተዘጋጅቶ ይጠብቀኝ ጀመር።

ሥራው ግን አልሆነልንም። ስንስበው ደሙ ይበጣጠሳል፣ ፍርፋሪውን ውሃው ይዞት ወደ ውስጥ ይገባል። በሰው ላይ ቢሆን አንዱን ሥር ከፍተን ሌላውን ዘጋን ማለት ነው። አንድ ቅዳሜ ይህንኑ ለሀጂ አማረርኩላቸው። ሳቁብኝ። የበግ አንጀት ሲያጥቡ ያረጁ ሰው ናቸው።

“ምነው፣ ውሃው እየገፋው ትስቢያለሽ? መጀመሪያ ውሃውን ያዥው” አሉኝ።

ሄጄ ለሐኪሙ ብነግረው ግንባሩን መታ። ለካ ውጭ አገር ደሙን ለጊዜው የሚያቆም ትንሽ ፊኛ ቱቦው ላይ አለ፤ እኛ ፊኛው ስለሌለን ነገሩን ትተነዋል። ውሃው የሚመጣበትን የላስቲክ ቱቦ በጣቴ ቆንጥጬ ያዝኩ፣ እሱ ሳበ። ደሙ ሳይቆረጥ እንደ አልቅት ተጎትቶ ወጣ። ደጋግመን ሞከርነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉው ወጣ። እልል አልኩ፣ ምን አሳፈረኝ። በዚያው ደስታ ሄጄ ለሀጂ በእርስዎ ብልሃት ወጣ አልኳቸው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ልጃቸው በባጃጅ ይዟቸው መጣ። ታጥበዋል፣ አዲስ ነጭ ጀለቢያ ለብሰዋል። እንዲያዩ ብለን አንድ ጊዜ ስበን አሳየናቸው። ሸጋ ነው አሉ። ከዚያ በደህናው እጃቸው ጀለቢያቸውን ከታፋቸው ላይ መግለጥ ጀመሩ።

“እንግዲህ የእኔን አውጡልኝ” አሉ።

ሐኪሙ እኔን አየኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያን ሁሉ ቅዳሜ ጠርሙሱን ያዘጋጁት በእኔ ቃል ታምነው ነው። ወንበር ስቤ ጉልበታቸው አጠገብ ተቀመጥኩና፣ ሀጂ፣ ለእርስዎ አይሆንም አልኳቸው። ደም ያጣው የአንጎል ክፍል በሰዓታት ውስጥ እንደሚሞት፣ ቱቦው የሚረዳው በቶሎ ለደረሰ ሰው ብቻ እንደሆነ፣ ከዓመት በኋላ ግን የሚያድነው ነገር እንደሌለ አስረዳኋቸው። ይህንንም እኔ ከመጀመሪያው ቀን አውቀው እንደነበር ነገርኳቸው። ልጃቸው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ሀጂ ጀለቢያቸውን ወደ ታች መለሱት። አልቸኮሉም፣ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ድረስ አስተካከሉት። የሚቆጡኝ መስሎኝ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁ።

“ያኔ ብትነግሪኝም” አሉ ቃሉን እየጎተቱ፣ “ደሙን እሰጥሽ ነበር።”