ጥያቄ የማያሳድረው አማረ

አማረን ሳየው ያቅለሸልሸኛል። ይህን ገና ከመጀመሪያው የምናገረው በኋላ «የኔአለም ክፉ ሴት ነች» የሚል ሰው እንዳይመጣብኝ ነው። ክፉ አይደለሁም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት መጻሕፍት ቤት ስሠራ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ግቢዬን አከራይቼ የምተዳደር ሴት ነኝ። መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ደስ ይለኛል። አማረም ያነባል። የሚያስጠላኝ ማንበቡ አይደለም።

ሰውየው የደብረ ወርቅ ልጅ ነው። በልጅነቱ ቅኔ ቤት ገብቶ ጥቂት ዓመት ተቀመጠና ተወው። ለምን እንደተወው ሲጠየቅ አንድ ቀን ዓይኑን አሞት እንደነበረ፣ ሌላ ቀን ደግሞ መምህሩ ቀንተውበት እንደነበረ ያወራል። ከዚያ ይዞት የመጣው ነገር ቢኖር «አንድም» ማለት ብቻ ነው። የመጽሐፍ መምህራን አንዱን ቃል ሲተረጉሙ አንድ ፍቺ ይሰጡና «አንድም» ብለው ሌላውን፣ እንደገና «አንድም» ብለው ሦስተኛውን ያመጣሉ። እነሱ ዕድሜያቸውን የሰጡበት ትምህርት ነው። አማረ ትርጓሜው ከሚሰጥበት መጽሐፍ ቤት ደጃፍ አልደረሰም፤ ትርጓሜውን የሰማው በአጥር ቀዳዳ ነው። ያም ሆኖ ዛሬ አንድ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ስለ መብራት መጥፋትም፣ ስለ ባጃጅ ታሪፍም «አንድም» ይላል። ሚስቱ አንድ ጊዜ ገበያ አግኝታኝ፣ ቤት ውስጥ ያልጠየቀችውን ሁሉ ሲመልስላት እንደሚውል ነግራኛለች። ስታወራኝ አልሳቀችም።

ታዲያ ይህ ሰው «የጉም በር» ላይ ወደቀ። «የጉም በር» ተከታታይ ልቦለድ ነው፤ አራት ቅጽ ታትሟል፣ አምስተኛው ገና ነው። ከተራራ ሥር ስላለ መንግሥት፣ ስለሚበር ጅብና ያን ጅብ አላምዶ ስለያዘው አንጓር ስለሚባል ልጅ ይተርካል። የከተማው ወጣት አበደለት። እኔም ተከራዬ ወንጌላዊት አውሳኝ ያዝኩት። በእኔ ዕድሜ ጅብ ሲበር ማንበብ ያሳፍራል፤ ግን ሁለቱን ቅጽ ድስት እስኪያርብኝ ድረስ አነበብኩት። ወንጌላዊት በዚህ ስቃ ስታበቃ ስልኬን ተቀብላ ቴሌግራም ላይ የመጽሐፉ ወዳጆች ቡድን ውስጥ አስገባችኝ። ቡድኑን ያቋቋመው አማረ ነው።

መጀመሪያ ላይ ቡድኑን ወድጄው ነበር፤ አልዋሽም። ጥያቄዎቹ ትንንሽ ናቸው። የአንጓር በቅሎ መልኳ ምንድን ነው? ጅቡ ክንፉን ሲያጥፍ ጅራቱን የት ያደርገዋል? በዚያ አገር ጾም አለ ወይስ የለም? አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው መጽሐፉን ገልጦ «ዳማ ናት፤ ቅጽ ሁለት ላይ ወንዙን ሲሻገሩ ይላል» ብሎ ይመልሳል፣ ሁሉም ይደሰታል። የሌላ አገር በቅሎ መልክ ለማወቅ ይህን ያህል ሰው ሲደክም ሳይ ደስ ይለኝ ነበር።

አማረ ግን ሕግ አወጣ። ጥያቄ አያድርም አለ። እስኪመሽ መልስ ያጣ ጥያቄ ካለ እሱ ይመልሰዋል። ከየትኛው ገጽ? ከራሱ ጭንቅላት ነዋ! አንድ ጊዜ አንዱ ልጅ በቅጽ ሁለት ግራ እጁ የተቆረጠው በር ጠባቂ በቅጽ ሦስት እንዴት ሁለት እጁን ይታጠባል ብሎ ጠየቀ። ደራሲው ረስቶት ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። አማረ ረጅም መልስ ጻፈ። አንድም እጁ በጉሙ ኃይል በቅሎለታል፤ አንድም የሚታጠበው የነፍሱን እጅ ነው፤ አንድም ያን ቀን የታጠበው ጠባቂው ሳይሆን ጥላው ነው። ያ ሁሉ ሰው የልብ ምልክት ደረደረለት። አንዲት ተማሪ «ደራሲው ረስቶ ይሆናል» ብትል ከቡድኑ አስወጣት። ጨጓራዬን የላጠው ያኔ ነው። ቢሆንም ስለ በር ጠባቂ እጅ የሚዋሽ ሰው ማንን ይጎዳል ብዬ ዝም አልኩ።

አሁን ስለ ወንጌላዊት ልናገር። ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት የምትሠራ፣ ድምፅዋ ከጎረቤት የማይሰማ ልጅ ነች። እናቷ ሥራነሽ ከአማኑኤል ከተማ ለሕክምና መጥታ ሆዷን ቀዶ ጥገና ተደረገላትና እስክታገግም እኔው ግቢ፣ ልጇ ክፍል ውስጥ ተኛች። ቁስሉ መግል ይዞ አልድን አለ። በዚህ መሀል ነው የልጅቱ ወንድም አብይ የሞተው። የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ አፋር መንገድ ላይ ተገለበጠ። አጎታቸው ፈንታ አስከሬኑን አማኑኤል አምጥቶ ቀበረው። ለሥራነሽ ግን እንዳይነገራት ዘመድ ሁሉ ተስማማ።

እኛ ዘንድ መርዶ ማንም እንዳገኘ የሚወረውረው ወሬ አይደለም። የሚያረዳው ሰው ይመረጣል፤ ሰዓቱ ይመረጣል፤ ግራና ቀኝ የሚይዟት እጆች ሳይቀሩ ይመረጣሉ። ፈንታ የሥራነሽ ቁስል እስኪጠግግ ጠብቆ፣ የንስሐ አባቷንና ዘመዶቿን ይዞ ማለዳ ሊመጣ ነበር። እስከዚያ ልጅቱ ጥቁር አትለብስም፤ አታለቅስም። አብይ ስልክ የማይሠራበት አገር ጭነት ይዞ ሄዷል ተባለ። ከልጅቱ በቀር ምስጢሩን ግቢው ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ወንጌላዊት ቀን ሥራ ትውላለች፣ ማታ እናቷ አልጋ ሥር ትተኛለች፤ ብቻዋን የምትሆንበት አንድ ጥግ እንኳ አልነበራትም። ምነው ልጄ ትንሽ እኔ ቤት ገብተሽ ብታለቅሺ ብላት፣ «ከጀመርኩ አላቆምም እትዬ» አለችኝ።

አንድ ቀን ሾርባ ይዤ ስገባ ቅጽ አራትን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ እንባዋ ይወርዳል። ሥራነሽ ደንግጣ ምን ሆንሽ ትላታለች። ልጅቱም መጽሐፉ እንዳስለቀሳት፣ አንጓር ከበሩ ላይ ወደ ጉሙ ወድቆ እንደሞተ ነገረቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ መጽሐፍ ከእጇ አልተለየም። ማልቀስ ሲያምራት ትገልጠዋለች። እኔ አንጀቴ አልችል እያለ እወጣለሁ።

ሥራነሽ ማንበብ አትችልም። ልጇን እንዲህ የሚያስለቅስ ታሪክ ምን እንደሆነ ለማወቅ ፈለገችና ልጅቱ ከቅጽ አንድ ጀምራ ተረከችላት። ሴትዮዋ ስለ ጅቡ ምንም አልገረማትም፤ አንጓር ግን አሳዘናት። ታሪኩ ሲያልቅ አንድ ነገር ጠየቀች።

«እናቱስ ሰማች? ማን አረዳት?»

መጽሐፉ ይህን አይናገርም። መጨረሻው ገጽ ላይ እናቱ ገብስ አስጥታ መንገድ መንገዱን እያየች ነው። ወንጌላዊት እናቷን ለማስደሰት ብላ ጥያቄውን ቡድኑ ላይ ጻፈችው፤ እንደ በቅሎዋ መልክ ያለ ትንሽ ጥያቄ አድርጋ። ሰው ሁሉ አላገኘሁም አለ። መሸ። አማረ መጣ። አንድም ጉሙ ራሱ አርድቷታል አለ፤ አንድም እናት ሳይነገራት ታውቃለችና መርዶ የሚያስፈልጋት የለም አለ፤ አንድም የልጅ ሞት ለጀግና እናት ሠርግ ነው አለ። የልብ ምልክቱ ጎረፈለት። ልጅቱ አንብባ ስልኳን ደፋችው። እናቷ ምን አሉ ስትላት አያውቁትም አለቻት። ቀጥላ ስልኩን አነሳችና በሕይወቷ አንድ ጊዜ ተቆጥታ፣ «ሰው ሞቶባችሁ ቢያውቅ እንዲህ አትመልሱም ነበር» ብላ ጻፈች።

አማረ ይህችን ዓረፍተ ነገር እንደ አዳኝ ውሻ ተከተላት። ሰው ሞቶባታል ማለት ነው አለ። የአማኑኤል ልጅ መሆኗን ያውቅ ነበርና እዚያ የሚያውቀው ሰው ጋ ደወለ፤ የአብይን መቀበር ሰማ። እዚህ አገር አንድ ጎልማሳ ሞተ ሲባል ሕፃን እንኳ መጀመሪያ የሚጠይቀው እናቱ ሰምታለች ወይ ብሎ ነው። አማረ አልጠየቀም። መመለስ እንጂ መጠየቅ የማያውቅ ሰው ነው። ለወንጌላዊትም ለእኔም ሳይነግር ከቡድኑ ሰባት ስምንት ሰው መርጦ፣ እህታችንን ድንገት ደርሰን እናጽናናት ብሎ ቀጠራቸው።

ቅዳሜ ነበር፤ እኔ ገበያ ወጥቻለሁ። ሽንኩርት እያስመዘንኩ ስልኬ ጮኸ። ቡድኑ ላይ ፎቶ ተለጥፏል። አማረ ከፊት፣ ሌሎቹ ከኋላው፣ ሴቶቹ እንደ ለቅሶ ደራሽ የነጠላቸውን ጥለት ወደ አንገታቸው አዙረው። ከጀርባቸው ያለው አረንጓዴ በር የእኔ በር ነው። ከሥሩ «ወደ እህታችን የኀዘን ቤት እየገባን ነው» የሚል ጽሑፍ። ሽንኩርቱን እዚያው ትቼ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ልጅቱ ጋ ብደውል ብደውል አታነሳም።

ስደርስ ሁሉም ክፍሉ ውስጥ ገብተው ግድግዳውን ይዘው ተቀምጠዋል። ሥራነሽ ትራስ ተደግፋ አልጋዋ ላይ ናት። በሽተኛ ሊጠይቁ የመጡ መስሏት ግቡ ልጆቼ፣ ተሽሎኛል እያለች ነበር። ወንጌላዊት የእናቷን ምሳ ሳህን እንደያዘች መሀል ክፍሉ ላይ ቆማ ቀርታለች። በሽተኛ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ገና ከደጅ እግዜር ይማርሽ ይላል፤ እነዚህ ዝም ብለዋል። ሥራነሽ ነጠላዎቹን ተራ በተራ አየቻቸው።

በሩ ላይ ሆኜ ቀስ ብዬ አማረን ውጣ አልኩት። ሰው ዝም ሲያሰኝ እንደሚያደርገው እጁን አነሳብኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። እንባው የውነት ነበር፤ ይህ ነው ይበልጥ ያስጠላኝ።

«እግዚአብሔር ያጥናዎት እናቴ» አላት።

«በማን?» አለች።

ወንጌላዊት እንዳይናገር ራሷን ነቀነቀችለት። አየኋት፣ አማረም አያት። ያን ጊዜ ነገሩ እንደገባው ፊቱ ላይ ቁልጭ ብሎ ታይቶኛል። ቤት ተሳስተን ነው ማለት ይችል ነበር። ስለሚበር ጅብ ያን ሁሉ የዋሸ ሰው አንዲት ውሸት ለሥራነሽ አያጣም ነበር። ግን በሰው ፊት ተጠይቋል።

«በአብይ ነዋ» አለ። «አፋር መንገድ ላይ መኪናው ተገልብጦ። አማኑኤል ነው የተቀበረ። ነፍሱ ወዲያው ነው የወጣች፤ አልተሠቃየም።»

አልተሠቃየም ብሎ የነገረው ሰው የለም። እዚያው የፈጠራት ናት።

ሴቶቹ ለቅሶ ሊያነሱ ሲሉ ዘልዬ ገባሁ። የአማረን ጋቢ ጨምድጄ ይዤ ወደ ደጅ ጎተትኩት፤ የቀሩትንም እየገፋሁ አስወጣኋቸው። ማንም አልተቃወመኝም። በሩ ላይ ሲደርስ ዞሮ፣ እትዬ አንድ ቀን መስማቷ አይቀርም ነበር አለና ሁለተኛውን ፍቺ ሊያመጣ አፉን ከፈተ። በሩን ዘጋሁበት። እጄን ታጥቤ ብመለስ ደስ ባለኝ ነበር።

ክፍሉ ውስጥ አልተጮኸም። ሥራነሽ አንድ እጇን የሆዷ ፋሻ ላይ አድርጋ ልጇን ታያለች። የሚይዛት ሰው የለም፤ ፈንታ የለም፤ የንስሐ አባቷ የለም። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እሷ ግን እኔን አላየችኝም።

«አንቺ ታውቂያለሽ?» አለቻት።

ልጅቱ አውቃለሁ ለማለት አንገቷን ሰበረች።

«ቀበርሽው?»

«አልቀበርኩትም እማ። አንቺ ጋ ነበርኩ።»

ሥራነሽ ቁስሏን ደግፋ ወደ ግድግዳው ፈቀቅ አለችና አልጋው ላይ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ለቀቀች።

«በይ ነይ» አለቻት። «ነይ አልቅሽ።»

ወንጌላዊት ድምፅ አውጥታ ስታለቅስ ያን ቀን ነው የሰማኋት።