ባለ አራት መንጋጋው አገጭ

እርጥብ ጀሶ ሸቶዎት፣ ድንገት አንድ ሰው ከጎንዎ የተቀመጠ መስሎዎት ያውቃል? ቡራዩ የማስተምርበት ክፍል ሰሞኑን ሲለሰን እኔን እንዲህ አደረገኝ። ሰበታ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ አብራኝ የምትቀመጠው ዓይነ ስውር ልጅ መጣችብኝ።

የባዮሎጂ መምህራችን ከጀሶ የሁለት ጥንታዊ እንስሳት አገጮችን ከነጥርሳቸው ሠርተው ነበር፤ ክንድ ያክላሉ። እውነተኞቹ አገጮች ግን ጥፍር ላይ የሚቀመጡ ትንንሾች ነበሩ። አንደኛው፣ ዳይኖሰሮች ሳይጠፉ የኖረ፣ ልጆቻቸውን በኪስ የሚያሳድጉት እንስሳት ጥንታዊ ዘመድ ነው። ኪስ ቆዳ ስለሆነ ይበሰብሳል፤ ድንጋይ ውስጥ የሚቆየው ጥርስ ነው። ስለዚህ ጥርስ ይቆጠራል፦ አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ አራት መንጋጋ ጥርስ ካለው የባለ ኪሶቹ ወገን፣ ሦስት ከሆነ እንደ ሁለተኛው አገጭ የእኛና የአይጥ ወገን። የባለ ኪሶቹ አገጭ የኋላ ጥግም ወደ ውስጥ ይታጠፋል።

ይህን የሚለውን የመጽሐፉን ገጽ ጮክ ብዬ ያነበብኩላት እኔ ነኝ። የክፍላችን ልማድ ነበር፤ የሚያይ ያነብባል፣ እሷ ትሰማለች። እኔ ሳነብ ግን ልቤ ኳስ ሜዳ ነበር። ደግሞስ ምን አስጨነቀኝ? የባለ ኪሱ አገጭ ላይ ሰማያዊ ቀለም ጠብ ብሎበታል። ክፍሉ በሙሉ ያጠናው ያንን ነጠብጣብ ነው።

ባለ ኪሱን ከሌላው የምንለይበት የተግባር ፈተና ሲቃረብ መምህሩ፣ «አንቺ ይቅርብሽ፤ የክፍሉን አማካይ እሰጥሻለሁ» አሏት።

«ቲቸር፣ ብወድቅም በራሴ ልውደቅ» አለች።

ጠዋት ስንገባ አገጮቹ አዲስ ጀሶ ተቀብተው ጠበቁን። ነጠብጣቡ የለም። ተራ በተራ ወደ ጠረጴዛው ተጠራን፤ እኔ በግምት የግራውን ነካሁ፤ መሳሳቴን ያወቅኩት በኋላ ነው። ከእኔ በፊት የቀረቡትም እንደ እኔ ገምተው ነው የነኩት።

እሷ መጨረሻ ላይ ቀረበች። የመስኮቱ ብርሃን እጇ ላይ አርፏል፤ ጥፍሯ ጀሶው ላይ ሲሄድ ይሰማል። የቀኙን ከኋላ ጀምራ ቆጠረች። «አራት። የአገጩ ጥግም ወደ ውስጥ ታጥፏል። ባለ ኪሱ ይኼ ነው።»

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ይቅርታ ልጄ» አሏት።

በረንዳው ላይ በጀሶ የነጡ ጣቶቿን ሸሚዜ ላይ ጠረገችና፣ «ያነበብክልኝ እኮ አንተ ነህ» አለችኝ እየሳቀች። «አቦ፣ ትምህርት ቤት የሚመጣው አፍህ ብቻ ነው።»

በዓመቱ ከቤተሰቧ ጋር ሌላ አገር ሄደች፤ አድራሻዋን አልጠየቅኩም። ዛሬ በየክፍሉ የማስረዳው ነገር ሁሉ ያኔ ለእሷ ያነበብኩት፣ እኔ ግን ያልሰማሁት ነው።

እስቲ እርስዎም ለአንድ ሰው አንድ ገጽ ጮክ ብለው ያንብቡለት። ከዚያ መጽሐፉን ይዝጉና፣ አጠገብዎ ሳለ፣ ያነበቡለትን እሱ መልሶ ይንገርዎ።