ቆርጠም ለምን ከዳ

ዘሪሁንን ሕዝብ ፊት ከዳተኛ ብዬ ያዋረድኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ከሚነግራችሁ እኔው ልናገር።

እሱ እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ትኬት ይቆርጥ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ቤዝመንት ውስጥ፣ እኔ ልጆቹን ፊደል አስቆጥሬ ስጨርስ እሱ ተረት ይነግርልኛል። ከራሱ የፈጠረው ነው። ቆርጠም የሚባል ጠንቋይ አለ፤ የገዛ መንደሩን ከድቶ ከአመድ ንጉሥ ጋር ይወግናል፤ የመንደሩንም በር ለጠላት ይከፍታል። ልጆቹ «ጋሽ ዘሪሁን፣ በት ዋይ? ግን ለምን?» እያሉ ይንጫጫሉ። እኔ ከልጆቹ ብሼ፣ «ይሄን ርጉም ግደለውና እንገላገል!» እለዋለሁ።

«ቆይ እንጂ የወይን፣» ይላል እየሳቀ፤ «ሰውየው በሆዱ የያዘው ነገር አለ። መጨረሻው ላይ ትሰሚዋለሽ።»

መጨረሻው ሳይደርስ፣ በ2011 ቤተ ክርስቲያናችን ለሁለት ተከፈለች። የዚያኛው ወገን መሪ ንጉሡ የሚባል ሰው ነው፤ የዘሪሁን የቀድሞ ሚስት ወንድም። በፍቺው ጊዜ ዘሪሁንን መግቢያ መውጫ ያሳጣው እሱ ስለነበር፣ ዘሪሁን የእኛ ነው ብለን ተኝተናል። ሕንፃው ለማን ይሁን ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ ግን እጁን ከነንጉሡ ጋር አወጣ። በአንድ ድምፅ ልዩነት ተሸነፍን።

እኔ ስናደድ አፌን አልችለውም። ብድግ አልኩና «ይሁዳ! ለካ ያ ሁሉ ተረት የራስህ ታሪክ ነው!» ብዬ ጮህኩበት። አንገቱን ደፋ።

እኛ አሌክሳንድሪያ አዳራሽ ተከራየን። ከዚያ ወዲያ ሠርግም ሆነ ለቅሶ አንዳችን ሌላችን ዘንድ አንደርስም። እኔና ዘሪሁን ስካይላይን የሚባል ሰፈር አንድ ሕንፃ ላይ ነው የምንኖረው። ሊፍት ውስጥ «እንዴት ዋልሽ የወይን?» ሲለኝ ስልኬን እያየሁ ዝም እለዋለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ! ልጆቹ ቆርጠም ምን ሆነ ሲሉኝ «ሞተ» እላቸዋለሁ።

በ2014 ዘሪሁን ሥራ ቦታው ላይ ወድቆ በዚያው ቀረ። ለፍትሐቱ አልሄድም ብዬ ምዬ ነበር፤ ሆዴ አልችል ሲለኝ ሄድኩ። ያ ያጣነው ሕንፃ ውስጥ ከኋላ ቆምኩ። ከቀድሞ ሚስቱ የወለዳት የአሥራ አራት ዓመት ልጁ፣ ሃይማኖት፣ ወረቀት ይዛ ወጣች፤ ያነበበችው በእንግሊዝኛ ነው።

«ዳዲን የማገኘው እሑድ እሑድ፣ እዚህ ቸርች ብቻ ነበር። አጎቴ ‹ከእኛ ጋር ካልቆምክ ልጅህንም አታያትም› ብሎት ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ጓሮ ተቀምጠን ተረት ይነግረኛል። ቆርጠም ከአመድ ንጉሥ ጋር የወገነው የገዛ ልጁ በዚያ ንጉሥ ግንብ ውስጥ ስለነበረች ነው። ወደ እሷ የሚያስገባ ሌላ በር አልነበረውም።»

ንጉሡ ከፊት ወንበር ተቀምጦ መሬት መሬቱን ያያል።

ልጅቷ ሰዉ ሲበተን ፈልጋኝ መጣች። «እትዬ የወይን ነሽ?» አለችኝ በተሰባበረ አማርኛ። «ዳዲ መጨረሻውን ላንቺ እንድነግርሽ ፈልጎ ነበር። ‹ቆርጠምን እንደሷ የሚጠላ የለም፣ ከሰማች ግን ታዝንለታለች› አለኝ።»

አቅፌያት አለቀስኩ። ወይኔ የኔ ነገር! ለዚያ ሁሉ «እንዴት ዋልሽ» አንድ ቀን እንኳን «ደህና ነኝ ዘሪሁን፣ አንተስ?» አላልኩትም።