የተከላካዩ መርዶ

ዋትስአፕ ለደግም ለክፉም ወሬ ማድረሻ መሆን በጀመረባቸው ዓመታት፣ በደቾች አገር፣ ደን ሃግ ከተማ ውስጥ፣ በአንድ የበረዶ ሆኪ ክለብ ቢሮ የተጫዋቾችን ኮንትራት እይዝ ነበር። ዘመዶቼ ሥራዬን ለመረዳት ብዙ ደክመዋል። እኅቴ ከአዲስ አበባ በስልክ፣ የገና ጨዋታ ደግሞ በደመወዝ ሆነ እንዴ እያለች ትስቅብኝ ነበር። እውነቷን ነው፤ እኔም በረዶ ላይ ቆሜ አላውቅም፣ ጨዋታውን የማውቀው በወረቀቱ በኩል ነው። ሥራዬን ግን እወደው ነበር። ከምኖርበት ከራይስዋይክ በብስክሌት ሃያ ደቂቃ፣ ሙቅ ቢሮ፣ የማይጨቀጭቅ አለቃ፤ ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ።

የሥራው ራስ ምታት የደመወዝ ጣሪያው ነበር። ሀብታሙ ክለብ ጎበዙን ሁሉ ጠራርጎ እንዳይወስድ፣ ክለቦቹ ተስማምተው አንድ ክለብ ለተጫዋቾቹ በዓመት የሚከፍለው ድምር ከተወሰነ ልክ እንዳያልፍ ደንግገዋል። ለአንዱ ከተጨመረ ከሌላው ይቀነሳል ማለት ነው። የተጫዋቾቹ ዝርዝር ከነደመወዛቸው በቀነ ገደቡ ለሊጉ መግባት አለበት። እኔ በዚህ ነገር ማን ይደርስብኛል ባይ ነበርኩ። በዚያ ዓመት መስከረም ግን ከውጭ ላመጣነው በረኛ የተከራየንለት አፓርታማም እንደ ደመወዝ እንደሚቆጠር የሚናገረውን መስመር ዘልዬው ኖሯል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሳየው ክው ብዬ ቀረሁ። ዝርዝሩ የሚገባው አርብ እኩለ ቀን ላይ ነው፤ እኛ ደግሞ ከጣሪያው በላይ ነን።

ኮንትራቱን ያልፈረመ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ አንጋፋው ተከላካይ። በክለቡ ዘጠኝ ዓመት የተጫወተ፣ ቀን ቀን በኤሌክትሪክ ሠራተኝነት የሚተዳደር፣ ቢሮ ሲመጣ ጫማውን በሩ ላይ ጠርጎ የሚገባ ሰው ነው። አርብ ጠዋት መጥቶ ሊፈርም ተቀጣጥረን ነበር። አለቃዬ ብዙ አላሰበበትም፤ ያልፈረመውን መሰረዝ ቀላል ነው አለ። ደመወዙን እንዲቀንስ ብንጠይቀውስ ስለው፣ ኩሩ ሰው ነው፣ በግማሽ ደመወዝ ተጫወት ብሎ ከማዋረድ ማሰናበት ይሻላል አለ። ሁለት መስመር ኢሜይል ጻፊለት ብሎኝ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሁለቱን መስመር ጻፍኩ። መላክ ግን አቃተኝ። የአባቴን ሞት የሰማሁት ትራም ፌርማታ ላይ ቆሜ፣ በስልክ መልእክት ነው። አጠገቤ የነበረች ሴት ትራሙ መቼ እንደሚመጣ ጠየቀችኝ፤ እኔም መለስኩላት። እስካሁን ስለዚያ ቀን ሳስብ ይከፋኛል። እንዲህ ያለውን ነገር በሌላ ሰው ላይ ማድረግ አልፈለግሁም፤ በዚያ ላይ ጥፋቱ የራሴ ነው።

ቢቸግረኝ ለሐበሾች ጉባኤያችን ሽማግሌ ደወልኩ። ጋሼ ነው የምላቸው፤ ሮተርዳም የሚኖሩ፣ ከአረጋውያን መንከባከቢያ በጡረታ የወጡ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉም ሰው ሲሞትም መጀመሪያ የሚጠሩ ሰው ናቸው። ነገሩን ከሥሩ አስረዳኋቸው። ሆኪ ምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቁም።

«ልጄ፣ እንጀራው ሊቋረጥ አይደል? ቤቱ ሄደሽ ፊት ለፊት ንገሪው» አሉኝ። «በጠዋት፣ ወደ ሥራ ሳይወጣ። ብቻሽን ደግሞ አትሄጂም፤ እኔም አለሁ።»

«ጋሼ፣ አፍስፕራክ አልያዝንም እኮ።»

«ለመርዶ ቀጠሮ ይያዛል እንዴ?»

አርብ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሳይሞላ፣ ሮተርዳም፣ የተከላካዩ በር ላይ ቆምን። ጋሼ ጥቁር ሱፍ ከነባርኔጣው ለብሰዋል፤ እኔም ጥቁር ካፖርቴን። ደወልን። ሚስቱ በሌሊት ልብሷ ላይ ሹራብ ደርባ ከፈተች። ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ አደረጉና አንገታቸውን ደፉ። እኔ ጉሮሮዬን ስጠርግ ሴትየዋ ግድግዳውን ያዘች። ፊቷ አመድ መሰለ። ባሏ ከኋላዋ፣ ደረጃው ላይ፣ በአንድ እግሩ ብቻ ካልሲ አድርጎ ደርቆ ቀርቷል።

«ልጄ ናት?» አለች።

ያኔ ነው የገባኝ። ሴት ልጃቸው ተማሪ ናት፤ ዲመን በምትባል ሌላ ከተማ ብቻዋን ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። በዚህ አገር ሳይደውሉ በማለዳ በር የሚያንኳኩ ሰዎች፣ ያውም አንገታቸውን ደፍተው፣ ሌላ ምን ሊያመጡ ይችላሉ? የሰውን ድንጋጤ ለማለዘብ የታሰበው ወጋችን ሁሉ እዚች ምስኪን ላይ እንደ ዱላ ወረደባት። አፈርኩ። ሌሊቱን ያሰላሰልኩት መግቢያ ብን ብሎ ጠፋ።

«ልጃችሁ ደህና ናት!» ብዬ ጮህኩ። «ማንም አልሞተም። እሱ ከቡድኑ ተቀንሶ ነው።»

ሴትየዋ ደረጃው ላይ ዘፍ ብላ መሳቅ ጀመረች፤ ሳቁ ልቅሶ ሆነ፣ ልቅሶውም ተመልሶ ሳቅ። እሱ ስልኩን አንስቶ ዲመን ደወለ። ልጅቷን ከእንቅልፏ ቀስቅሷት ኖሮ ስትቆጣው ድምጿ እኛ ድረስ ይሰማ ነበር። ወርዳበት እስክትጨርስ ድረስ በደስታ አዳመጣት። ከዚያ ወደ ወጥ ቤት አስገባንና ሻይ ቀዳልን፤ ጋሼ በተሰባበረ ደችያቸው ይቅርታ ሲደረድሩ ትከሻቸውን ቸብ ቸብ አደረጋቸው።

ሁሉንም ነገርኩት፤ የዘለልኩትን መስመር፣ የበረኛውን አፓርታማ፣ ያልተላከውን ኢሜይል። ከጣሪያው ሥር ስንት እንደቀረ ጠየቀኝ። የእሱን ደመወዝ ግማሽ እንኳ አይሞላም አልኩት።

«ታዲያ ለምን አልጠየቃችሁኝም?»

ቅር እንዳይልህ ፈርተን ነው አልኩ። ሚስቱን አያት፤ እሷም ዓይኗን እየጠረገች ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። የኤሌክትሪኩ ሥራ እንደሚያኖራቸው፣ በረዶውን ለመተው ግን ገና እንዳልቆረጠ፣ በቀረችው ገንዘብም እንደሚፈርም ነገረኝ።

«ደግሞ ከአሥር ደቂቃ በፊት፣ በሩ ላይ ጠይቀሽኝ ቢሆን፣ ዕድሜ ልኬን በነጻ እጫወትልሽ ነበር» አለኝ።

አለቃዬ ጋ ደወልኩ፤ ገና ቁርስ ላይ ነበር። እሺ ሲለኝ ኮንትራቱን ከቦርሳዬ አወጣሁ፣ አዲሱን ቁጥር በእጄ ጻፍኩ፣ ተከላካዩም ዳቦና አይቡን ገፋ አድርጎ ፈረመ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። አለቃዬ ስልኩን አልዘጋም ነበርና፣ ያን የመሰለ ኩሩ ሰው ምን ብለሽው ነው ከግማሽ በታች እሺ ያለሽ አለኝ።

«ልጃችሁ ደህና ናት አልኳቸው» አልኩት።