ጥይት ያልነካው መንጋጋ

ሚኒባሱ ከወልድያ ወደ መርሳ ሊነሣ ሲል ረዳቱ ፊቴን አየና አንድ ጎልማሳ ከፊት ወንበር አስነሣልኝ። «ልቀቅላት፣ የጦር ጉዳተኛ ናት» አለው። ተሳፋሪው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠልኝ። እኔ ለራሴ ልምጠጥ ብል እንኳ ከንፈሬ እሺ አይለኝም።

ጥይት የሚባል ነገር አልነካኝም። የያዘኝ ነቀርሳ ነው። ከጆሮዬ ሥር፣ ምራቅ የሚያመነጨው እጢ ላይ ባቄላ የምታህል እብጠት ወጣችብኝ፤ እናቴ ጆሮ ደግፍ ነው ብላ በቅቤ ስታሸኝ ከረመች። ወልድያ ያየኝ ሐኪም ግን ናሙና አስመርምሮ ቁርጡን ነገረኝ። «አጥንት ገና አልነካም። ቶሎ አዲስ አበባ ሂጂና እጢውን ብቻ ያውጡልሽ፤ ፊትሽ ይተርፋል።»

ሻንጣዬን ሳዘጋጅ ጦርነቱ ደረሰና መንገዱ ተዘጋ። ከማስተምርበት ከመርሳ ወጥቼ ግራና ወደምትባለው ትንሽ ከተማ፣ እናቴ ቤት ገባሁ። እብጠቱን በጣቴ እየዳበስኩ መንገድ እስኪከፈት ጠበቅሁ። መጀመሪያ ስነካው ይንሸራተት ነበር፤ እያደር አልነቃነቅ አለ። ማኘክ አቃተኝ። ሬዲዮው በየቀኑ ድል ያወራል፤ ሁሉም ወገን አሸናፊ ነው። የእኔን መንጋጋ ከቁም ነገር የቆጠረ አልነበረም።

መንገዱ ሲከፈት አዲስ አበባ ደረስኩ። የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ራጁን አየና «አጥንት ውስጥ ገብቷል። ምነው ይህን ያህል ቆየሽ?» አለኝ። ያቺ ጥያቄ እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች። የታችኛውን መንጋጋዬን እኩሌታ፣ ከፊቴ ነርቭ ጋር ቆርጦ አወጣው። ነፍሴ ተረፈች፤ ቀኝ ዓይኔ ግን አይከደንም፣ ስናገርም ቃሉ ይንሻፈፍብኛል።

ግራና ስመለስ ጎረቤቱ ሁሉ «አላህ ያሽርሽ፣ ጥይት ክፉ ነው» ይለኝ ጀመር። ለካ ወሬውን የነዛችው እናቴ ናት። ስቆጣት አልደነገጠችም።

«ነቀርሳ ብላቸው ሲኒሽን ይለዩብሽ ነበር፣ ልጄ። ጥይት ለመታው ሰው ሲኒ አይለዩበትም። ደሞስ ወላሂ፣ ይሄ ጦር ባይመጣ ፊትሽ እንዲህ ይሆን ነበር?»

አኮረፍኳት።

ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት አሮጊት ጉልበቴን ነካ አደረጉኝ። «የኔ ልጅ፣ የት ሆነሽ መታሽ?»

በሽታ ነው ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ንዴቴ ቀደመኝ።

«ግራና» አልኳቸው። አልሰሙኝም፤ ደገምኩላቸው።

«ግራና። እናቴ ቤት ቁጭ ብዬ።»